ሳይቀመስ የቀረበ ብርጭቆ

ጡረተኛው ዳኛ ሰይፈሚካኤል ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ አዳማ በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከረባታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነበር። ከሰዓት በኋላ «ከባድ ወንጀልን የሚገታው ቅጣት ነው ወይስ ትምህርት?» በሚል ውይይት ላይ ሊናገሩ ነበርና። እሳቸው ቅጣት ነው ባይ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሲፈርዱም እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል።

ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ የተልባ ብርጭቆ፣ አንድ ብልቃጥ ማር ከነማንኪያው፣ የንግግራቸውም ወረቀት ነበር። ወረቀቱ አንድ፣ ሁለት፣ አራት የሚል ቁጥር አለው፤ ሦስተኛው ገጽ የለም።

ብርጭቆውም ማሩም ውስጥ የሰብል ተባይ ማጥፊያ ተገኘ። ማሩን ያመጣው ጫምሳ ነው፤ ዳኛው አሥራ አራት ዓመት የፈረዱበት፣ ማረሚያ ቤት ገብቶ ማንበብና ንብ ማነብ ተምሮ የወጣ ሰው። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እሑድ ያዙት። ሰኞ ራሱ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ፈረመ።

መዝገቡ ለኢንስፔክተር ዱሬቲ ደረሰ። ዱሬቲ ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አልተዋጠላትም።

«መርዙን የት ሆነህ ቀላቀልከው?» አለችው።

«ቤቴ።»

«ምን ዓይነት መርዝ ነው?»

ጫምሳ ጣቶቹን ተመለከተ። «የአይጥ» አለ።

ዱሬቲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገደልኩ ብሎ የሚምል ሰው በምን እንደገደለ አያውቅም! ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ የሰነበቱት ባልደረቦቿ አናደዷት።

«ይኼ እኮ ዕድሜ ልክ ነው፤ ሊብስም ይችላል» አለችው።

«አውቃለሁ። እስር ለእኔ አዲስ አይደለም።»

ከእሱ ዘንድ ወጥታ የሟቹ ቤት ሄደች። የቤት ሠራተኛዋ ቡዜ እዚያ ቤት አሥር ዓመት ሠርታለች። ዱሬቲ «አካም ጅርታ፣ ቡዜ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ ጓዳ አብራት ተቀመጠች።

«ቅዳሜ ማን ማን መጣ?»

«መጀመሪያ ጫምሳ፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ማሩን ከፍቶ በማንኪያ ቀመስ አደረገና ለጋሼ ሰጣቸው። ወዲያው ሄደ። ከዚያ አራት ሰዓት ላይ መምህርቷ እትዬ ሸዋወርቅ መጡ። ተልባውን እሳቸው በጠበጡላቸው።»

«ዳኛው ምንም አላሉም?»

ቡዜ አሰበች። «ብርጭቆውን ሲቀበሉ ‹ዛሬስ ዘበኛው የለም እንዴ?› ብለው ሳቁ። አልገባኝም። ይኼ ቤት ዘበኛ ኖሮት አያውቅም። እትዬ ሸዋወርቅ ከሄዱ በኋላ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ያቤጽን በር ከፍቼ አስገባሁት፤ ጋሼን ሞተው ያየናቸው አብረን ነው።»

ያቤጽ የዳኛው የወንድም ልጅ ነው፤ ጠበቃ። ሐዘኑን በቁጣ ነው የያዘው።

«አጎቴ ልክ ነበሩ» አለ። «የተማረ እባብ ነደፋቸው። ሞት ነው የሚገባው።»

«ንግግራቸውን የተየበው ማን ነው?»

«እኔ። ሐሙስ ለመምህርት ሸዋወርቅ አነበቡላቸው። ሁልጊዜ ይከራከሩ የለ!»

«እንግዲያው ሦስተኛውን ገጽ ያትሙልኝ።»

መምህርት ሸዋወርቅ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። የማረሚያ ቤቱን ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ ጫምሳንም ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። ለዱሬቲ ሻይ ቀዱላትና ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ፉት አሉ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ማረሚያ ቤት ስንቅ ስታስገቢ ዘበኛው ሳያስቀምስሽ አያሳልፍሽም። እዚያ የከረመ ሰው ሁሉ ይቺ አመል አለችው።»

«ስንቁ ለማን ነበር?»

«ለወንድሜ። ዘጠኝ ዓመት አመላለስኩ። አሥረኛውን አልደረሰም።»

ዱሬቲ ሻዩን ጠጥታ አመስግና ወጣች። ሴትዮዋን ግን ወዳቸዋለች።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም በዳኛው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጫምሳ እጁ በካቴና ነው።

«ጫምሳ ማሩን ቀምሶ ሰጠ፤ ይኸው በሕይወት አለ» አለች ዱሬቲ። «መርዙ የገባው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። አቶ ያቤጽ ከቡዜ ጋር ሲገቡ ዳኛው ሞተዋል። የቀረው በመካከል የመጣ ሰው ነው። መርዙ ብርጭቆው ውስጥ ገባ፤ ያማሰለው ማንኪያ ማር ለመጨመር ተመልሶ ብልቃጡን በከለ። ማሩ የማን እንደሆነ ያ ሰው አላወቀም።»

ጫምሳ «እኔ ነኝ አልኩሽ!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ! ዳኛው ‹ዛሬስ ዘበኛው የለም እንዴ?› ያሉት ለምንድን ነው? ብርጭቆውን ያቀበላቸው ሰው ሁልጊዜ ቀምሶ የሚሰጥ፣ በዚያም የሚሳለቁበት ሰው ስለነበረ ነው። ያን ቀን ብቻ አልቀመሰም። መምህርት፣ ለእኔ እንኳ ቀምሰው ነው የሰጡኝ።»

ዱሬቲ ያቤጽ ያተመላትን ሦስተኛ ገጽ አውጥታ አነበበች፦

«‹አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በጠብ ሰው አቆሰለ። አምስት ዓመት ይበቃው ነበር። እኔ ግን ሌላው እንዲፈራ ብዬ አሥራ ስምንት ፈረድኩበት። በዚያ ዓመት ከተማው ጸጥ አለ። ልጁ ማረሚያ ቤት ሞተ አሉ። ስሙን አሁን አላስታውሰውም።›»

«ምንተስኖት» አሉ ሸዋወርቅ። «ስሙ ምንተስኖት ነው።»

ከቦርሳቸው የጠፋውን ዋናውን ሦስተኛ ገጽ እንደታጠፈ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መርዙን መልካሳ በሚባለው ቦታ ከሚያስተምሯቸው ገበሬዎች መጋዘን እንደወሰዱም ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«የፈረዱት እሳቸው እንደሆኑማ አውቅ ነበር። ትምህርት ያለዝባቸዋል ብዬ ስመላለስ ከረምኩ። ስሙን እንኳ ረሱት።»

ያቤጽ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይህ የሚያስከትለውን ቅጣት አያውቁም?»

«አውቃለሁ ልጄ። ስበጠብጠውም አውቅ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጫምሳ ዞሩ። «አንተስ ለምን ዋሸህ?»

«ከምንተስኖት ጋር አንድ ክፍል ነበር የታሰርነው። ተልባውን የበጠበጡት እርስዎ እንደሆኑ ስሰማ ገባኝ። ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። «እኔ ደግሞ በዚያ ስምህ ስትፈርምልኝ ሦስት ቀን ዝም አልኩ» አሉ።

ዱሬቲ ካቴናውን ከአንዱ እጅ ፈትታ በሌላው አሰረች። እንዲህ እየመረራት እጅ አስራ አታውቅም።

በማግስቱ ጫምሳ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ጠባቂው አዲስ ነው፤ ምን ማለት እንዳለበት ገና አላወቀም።

«ለማን ነው?» አለው።

«ለመምህርቴ።»

ጫምሳ ክዳኑን ከፈተ። ማንም ሳያዘው አንድ ጉርሻ ቆርሶ ጎረሰና አኝኮ እስኪውጥ ጠባቂው ፊት ቆመ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ዘግቶ አቀበለው።