ያልታጠበው ጭምብል

ቀናተኛ ናት ልትሉኝ ትችላላችሁ። በሉኝ። አልክድም... ቀንቻለሁ። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ምግብ የሚዘጋ ቅናት ነው የቀናሁት።

ዋሸች ግን እንዳትሉኝ። ይሄ ነገር ሆኗል። በእኔ እጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠላሳ ሰው በሚተራመስበት ግቢ ውስጥ ነው የሆነው።

የጀመረው ሰኞ ቀን ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ቦታው የፊልም ቀረጻ ላይ ነው፣ ተዋንያን የሚዋቡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ዙሪያውን አምፖል የተደረደረበት ትልቅ መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ ካልገፉት የማይዘጋ በር። ሌላ ምንም የለም።

እኔ ሜካፕ ሠሪ ነኝ። ሥራ ቦታ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ግን አለ...

ለምጽ አለብኝ።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ። መጀመሪያ ከዓይኔ ሥር ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። ቀጥሎ ጉንጬ ላይ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ፣ በመጨረሻ አፌን ዙሪያውን ከበበኝ። አያምም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሐኪሙ ይህን ለእናቴ ስንት ጊዜ ነግሯታል። ሰው ግን ሐኪም አይደለም። ሲያየኝ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል።

ስለዚህ ተሸፋፈንኩ። ሙያውንም የተማርኩት ለዚሁ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ፣ በሬን ገፍቼ እዘጋለሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ፊት እሠራለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት "ቀቢዋ" ነው የሚሉኝ። ከሁሉ በላይ የምቀባው ራሴን እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም።

መሪ ተዋናይቷን ሁሉም "ልዕልት" ነው የሚላት። ቆዳዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... አንድ ነጥብ የለበትም። ስፖንጅ ሳስነካው እጄ ያፍራል።

ክፉ ብትሆን ደስ ባለኝ። ግን ስገባ ተነስታ ነው የምትስመኝ፣ ሻይ ስታዝ የኔንም አብራ ታዛለች። እንደዚህ ያለች ሴት እንዴት ትጠላለች?

እኔ ግን ጠላኋት።

በፊልሙ ላይ የምትጫወተው የሰው ትዳር የምታፈርስ፣ በመጨረሻም ሰው የምትመርዝ ሴት ሆና ነው። ያን ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ በበሩ ብቅ አለና ፊቷ ላይ ለምጽ እንድሠራላት አዘዘኝ። ጽሑፉ ውስጥ ለምጽ የሚባል ነገር የለም። ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅኩት።

"ገና አፏን ሳትከፍት ተመልካቹ ክፉ መሆኗን እንዲያውቅ ነዋ" አለኝ።

ይህን ያለኝ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ፊቴን ትክ ብሎ እያየ ነው። ከተቀባሁት ሥር ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ፣ ሥራዬ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ከስስ ላስቲክ ቅርጽ እንቆርጣለን። ላስቲኩ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ በቀዳዳዎቹ ቀለም ይመታል፣ ከዚያ ይነሳል። በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። እኛ ጭምብል እንለዋለን።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅርጹን ከራሱ ፈጥሮ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን በሬን ዘጋሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ላስቲኩን የራሴ ፊት ላይ ለጥፌ የራሴን ለምጽ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት። ቆርጬ ስጨርስም ልክነቱን ለማየት መልሼ ለበስኩት። ለምን እንደዚያ አደረግሽ ብትሉኝ እልህ ነው የምላችሁ። እስቲ እሷም ትልበሰው አልኩ።

በሙያችን አንድ ሕግ አለ። የአንዱን ሰው ፊት የነካ ነገር ሳይታጠብ የሌላውን ፊት አይነካም። ተማሪ ሳለን ብሩሽ ከመያዛችን በፊት የሚነገረን ይሄ ነው።

ዳይሬክተሩ ውጭ ቆሞ የጠዋቱ ብርሃን እየሄደብን ነው እያለ ይጨቀጭቃል። ፊቴን በጥድፊያ ሸፍኜ፣ በሩን ከፍቼ ልዕልትን አስቀመጥኳት። ጭምብሉን አነሳሁት...

ሳላጥበው ፊቷ ላይ አሳረፍኩት።

ሽምቅቅ አለች።

"ምነው?"

"ይሞቃል..." አለች በሹክሹክታ። "ልክ እንደ ሰው ፊት ይሞቃል።"

ከፊቴ ካነሳሁት ሩብ ሰዓት አልፎት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነበር የተቀመጠው።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ቀረጻው አለቀና ጥጥ በዘይት ነክሬ ጠረግኩላት። ሁሉም ለቀቀ። ከዓይኗ ሥር ያለችው ነጥብ ብቻ አልለቅ አለች። ብፈትጋት ብፈትጋት... ጥጡ ምንም ቀለም ሳይነካው ይወጣል።

ነገ ይለቃል አልኳት። አመነችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መስታወት ፊት ቆምኩ። እንደ ወትሮው በጣቴ ጫፍ ክሬም ወስጄ ከዓይኔ ሥር ላሳርፍ ስል...

ነጥቧ የለችም።

ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረች ነጥብ። የለችም።

ደነገጥኩ ልበላችሁ? አልደነገጥኩም። ብቻዬን ሳቅኩ።

በየቀኑ ከቀረጻ በፊት የተዋንያኑን ፊት ፎቶ እናነሳለን፣ የነገው ከዛሬው እንዳይለይ። ረቡዕ ዕለት የሰኞውንና የረቡዑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ አንገቷ ላይ አዲስ ነጭ ነገር አየሁ። ጭምብሉ አንገት አይደርስም። እዚያ ቦታ እጄም አልደረሰም።

የቀለሙን ዕቃ ከፈትኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ስቀባበት ከርሜ... አልጎደለም።

ቀስ ብዬ የሸሚዜን ኮሌታ ገለጥ አደረግኩ። አንገቴ ንጹሕ ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አውቃለሁ፣ አትምከሩኝ። ጭምብሉን በሳሙና አጥቤው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሁሉም ነገር እዚያው ይቀር ነበር። ሳሙናውንም አንስቼው ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ግን ለምጽ ተሠርቶላት የተነሳችው ፎቶ ወጣ።

የሰው ስልክ ሁሉ በእሷ ተሞላ። ጀግና ተባለች። ለሙያዋ ስትል ውበቷን የሰዋች ተባለች። አንዱ ጋዜጠኛ እንዴት ቻልሽው ብሎ ሲጠይቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ በጣም ከባድ ነው አለች።

ከባድ። በቀን ለስምንት ሰዓት። ያውም አጥበንላት ወደ ቤቷ የምትገባ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስለብሰው ማን አጨበጨበልኝ? ሳሙናውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭምብሉን በየጠዋቱ መጀመሪያ እኔ እለብሰዋለሁ። ትንሽ አቆየዋለሁ... እስኪሞቅ ድረስ... ከዚያ ለእሷ።

ግራ ጉንጬ ጠራ። ቀጥሎ ቀኙ። የጠራውን መሸፈን ተውኩ። እሷ ደግሞ ከቀረጻ ስትወጣ መሸፈን ጀመረች። ማን እንዲሸፍንላት መረጠች መሰላችሁ? እኔን። ለሰው እንዳትነግሪብኝ፣ እህቴ ማለት ነሽ አለችኝ። ቀለሙ አልስማማሽ ብሎ ነው፣ ፊልሙ ሲያልቅ ይለቃል፣ አይዞሽ አልኳት። የምጠቀምበትን ክሬም ሳይቀር ነገርኳት። ለዓመታት የተጠቀምኩበት ነው፣ ጥሩነቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው የቀረጻ ቀን በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። እኔ ላይ የቀረው አፌ ዙሪያ ያለው ብቻ ነው።

ልዕልት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች። አልሳመችኝም ያን ቀን።

"ዛሬ ይቅርብኝ" አለች።

"የመጨረሻው ቀን እኮ ነው።"

"ያንቺ ነው አይደል?"

ጭምብሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

"ፊትሽን እያየሁት ነው የከረምኩት... በየቀኑ እየጠራ ሲሄድ። ያንቺ ነው። ምን አደረግኩሽ?"

ምንም። ምንም አላደረገችኝም። ቆዳዋን ፈልጌ ነው። እንዲህ ብዬ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ዋጥኩት።

በእጇ አፏን ሸፈነች። እጇን ያዝኩና ቀስ ብዬ ጭኗ ላይ አወረድኩት። ጭምብሉን አሳረፍኩት። አልታገለችኝም። ብቻ ከላስቲኩ ሥር ስትተነፍስ ይሰማኛል...

ሁለት ትንፋሽ ነበር። አንዱ የእሷ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ በጓሮ በር ወጣች። ከዚያ ወዲያ ፎቶዋ የትም አልታየም። ረዥም ዕረፍት ወስዳለች ተባለ።

እኔስ? እኔማ ሰው ሆንኩ። ፊቴን ሳልቀባ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ዓይን ዓይኔን እያየ መልስ ቆጠረልኝ። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፣ ምን ተቀብተሽ ነው እንኳ አላለችም። ስለ ልዕልት አስባለሁ ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ... አንዳንዴ። ብዙ አይደለም።

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከወራት በኋላ፣ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መሃል ላይ ተቀመጥኩ፣ ያለ ምንም ቅባት፣ በራሴ ፊት።

ልዕልት ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ፊቷን ብቻ እይው... ሲያስጠላ" አለች ለጓደኛዋ። ድሮ ቢሆን ወንበሬ ውስጥ ገብቼ በቀረሁ። ያን ቀን ግን አብሬያቸው ሳቅኩ።

ፊልሙ አጋማሽ ላይ አንድ ጸጥ ያለ ትዕይንት አለ። ሙዚቃ የለም፣ ንግግር የለም። ልዕልት ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ ታያለች። ዳይሬክተሩ ይህችን ትዕይንት እንዲህ አስረዝሟት እንደሆነ አላስታውስም።

ያኔ ሰማሁት።

ክርር... ክርር... ክርር...

የሚያክ ሰው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ከጎኔ። ቀጥሎ ከፊቴ። ከዚያ ከየአቅጣጫው። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ጉንጩን ያካል። የፊት ረድፍ ላይ ያሉት በሙሉ አንድ እጃቸው ጉንጫቸው ላይ ነው።

ልዕልት ዓይኗን አልጨፈነችም። የምታየው እኔን መሰለኝ።

ፊልሙ አለቀ። ተጨበጨበ። መብራት በራ።

ወደ ጎኔ ዞርኩ...

ሰውዬው ግራ ጉንጩ ላይ ለምጽ አለበት። አፉንም ከቦታል። ቅርጹን አውቀዋለሁ። በጣቴ ጫፍ ሃያ ሁለት ዓመት የሸፈንኩትን ቅርጽ እንዴት አጣዋለሁ።

ከኋላዬ ያለችው ሴትም። ጓደኛዋም። በር ላይ ቲኬት የሚቀበለው ሰውዬም። አዳራሹ በሙሉ... አንድ ዓይነት።

የደነገጠ ግን የለም። ስለ ፊልሙ ያወራሉ፣ መኪናቸውን የት እንዳቆሙ ይጠያየቃሉ፣ ሴቶቹ በትንሽ መስታወት ሊፕስቲካቸውን ያስተካክላሉ።

ከዚያ አንድ በአንድ ማውራታቸውን አቆሙ።

ዓይናቸው አንድ ነጥብ የሌለበት ፊቴ ላይ ያርፋል... ወዲያው ደግሞ ይሸሻል። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ይቅርታ እንኳ ሳይል ተነስቶ በሌላኛው በኩል ዞሮ ሄደ። በመተላለፊያው ስሄድ ሰው ሁሉ ግድግዳ እየታከከ መንገድ ለቀቀልኝ።

በሩ አጠገብ አንዲት እናት አራት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ ቆማለች። የልጁ አፍ ዙሪያውን ነጭ ነው። ስጠጋቸው ልጁን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዞረችው።

"ማሚ..." አለ ልጁ በሹክሹክታ። "የዛች ሴትዮ ፊት ምን ሆኖ ነው?"

"ዝም በል" አለችው። "አትያት።"