የአያ ኳኳታ ጆሮ

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሆስፒታል አንዲት ግዙፍ የብረት በርሜል ተተክላ ነበር፤ ሕመምተኛ ይገባባታል፤ በሩ ይጠረቀምበታል፤ አየሩ ይታመቃል፤ እርሱም በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን እየሳበ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ አልሽር ያለ ቁስል በዚህ ይሽራል ይባል ነበር።

ከገቡት አንዱ አያ ኳኳታ ነው፤ ሥራው የባቡር መንኮራኩር በመዶሻ እያንኳኳ ማድመጥ፤ ደህናው ብረት እንደ ደወል ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው እንደ ገል ድምፁ ይሞታል፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ስንጥቅ አላመለጠውም፤ ይህንንም አንዴ ካወራ ማን ሊያስቆመው! ሐዲድ የወደቀበት እግሩ ቢጠቁር ዋናው ሐኪም፣ “ወይ በርሜሏ ወይ መጋዝ” አሉት።

የበርሜሏ ሕግ አንድ ነው፤ ጆሮው ያመመው ሰው ግድግዳዋን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ የአየሩን መዝጊያ፣ ቫልቩን፣ የሚያዞረው ሠራተኛም አየሩን ያቆማል። ግን አያ ኳኳታ ብረት አይቶ መች ዝም ይላል? ገና በመጀመሪያው ቀን ያንኳኳው ጀመር።

“ምን ሆነው ነው ጌታው?” አለ ሠራተኛው በሩን ሲከፍት።

“ምንም፤ ብረትህን እየመረመርኩልህ ነው። በሩ ጋ ደከም ብሏል።”

“የእኔን በር ይተዉትና እግርዎን ያስታምሙ!”

በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው ለኳኳታ ማቆሙን ተወ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አያ ኳኳታን ጉንፋን ያዘው፤ ልታስታምመው የመጣችው ሴት ልጁ በበርሜሏ በር ላይ እጁን ጨበጠች።

“አባዬ፣ አፍንጫህ ተደፍኗል፤ ንገራቸው።”

“አንድ ቀን ባጓድል እግሬን ቢቆርጡትስ? ዝም በይ አንቺ አፈኛ!”

በሩ ተዘጋ፤ አየሩ ከበደ፤ ምራቁን ዋጠ፣ አዛጋ፣ አፍንጫውን ይዞ ነፋ፤ ጆሮው አልከፈት አለ፤ በወስፌ የሚወጉት መሰለው። ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

“ደግሞ ጀመራቸው!” ብሎ ሳቀ ሠራተኛው።

“አባቴ ብረት ሲመረምር ሦስቴ ነው የሚመታው!” ብላ ጮኸች ልጅቱ፤ “ይሄ ሁለት ነው! አቁመው!”

ቫልቩ እስኪዞር ከሁለቱም ጆሮው ደም ወረደ።

እግሩ ዳነ፤ የጆሮው ታምቡርም ገጠመ፤ ቀጭኗን ድምፅ መስማት ግን አልተመለሰለትም። በጥር ወር ጣቢያው ገብቶ መንኮራኩሮቹን አንድ ባንድ እየመታ “ደህና” ይል ጀመር፤ ምሳውን ይዛ የተከተለችው ልጁ ቆመች።

“አባዬ፣ አራተኛው ገል ነው።”

ተመልሶ መታው፤ ደግሞ መታው፤ ለእርሱ ሁሉም አንድ ነበር። ዝም ቢል ሥራው በእጁ ይቀራል፤ ባቡሩ ግን ሰው ጭኗል። መዶሻውን በእጇ አስጨበጣት።

“አሁን አፍሽን ክፈቺ፤ ለጣቢያው አለቃ ንገሪ። አባቴ አይሰማም በይ።”

የሆስፒታሉ መዝገብ “እግሩ ድኗል” ይላል፤ ስለ ጆሮው አንዲት ቃል የለውም። በዚያ ቀን ስላልተገለበጠው ባቡርም የጻፈ የለም፤ ሳይደርስ ለቀረ አደጋ ማን ብዕር ያነሣል?