ወደ በሩ የዞሩ እግሮች

ሳጅን ቡንሎምን የሰደበው ክላይቭ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በእናቶች ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቺያንግ ማይ ባለው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በር ላይ። ቡንሎም የሞተር ሳይክል ግጭት መዝግቦ ወረቀቱን ሲሰጠው፣ ክላይቭ ከፍ አድርጎ ለባልደረቦቹ አሳየና ጥርት ባለ ታይኛ፣ «ይሄ ጽሕፈት ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» አለ። መምህራኑ ሳቁ። ያልሳቀችው የታይ ሙዚቃ አስተማሪዋ ሱቲዳ ብቻ ነበረች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንዲህ ያለ ቀን አይረሳም።

እናም ዘንድሮ በአንድ ሐሙስ፣ ተማሪዎች ተንበርክከው ለመምህሮቻቸው አበባ በሚሰጡበት በዓል ማለዳ፣ «ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሬሳ ተገኝቷል፤ የተጠረጠረው ክላይቭ ነው» ሲሉት፣ ቁርሱን ጥሎ ነው የመጣው።

ሟቹ ጋሬት ነው፤ ከዌልስ የመጣ የሠላሳ ዓመት ወጣት የሙዚቃ መምህር። እግሮቹ ወደ በሩ፣ ራሱ ወደ ግድግዳው መደርደሪያ ሆኖ በጀርባው ተንጋሏል። መደርደሪያው ላይ ታዮች እንደ ቅዱስ የሚሰግዱላቸው የጥንት የሙዚቃ አባቶች ጭንብሎች ተደርድረዋል። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ደሙ ያለው ግን እዚያ ሳይሆን በሩ አጠገብ፣ በድንጋዩ የመድረክ ጠርዝ ላይ ነው። ቡንሎም ቁጢጥ ብሎ ወለሉን አየ። በሰም በተወለወለው ጣውላ ላይ ግማሽ ክብ የሆነ የጉተታ ምልክት አለ።

ሐኪሙ የሞተው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው አለ። በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ክላይቭ፣ ሱቲዳና ዘበኛው ሶቲ።

ክላይቭን አስጠራው።

«ማክሰኞ ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል።»

«ኃላፊነቴን ነጠቀኝ! አሥር ዓመት የመራሁትን የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ትናንት ለመጣ ልጅ ሰጡት። አዎ፣ ቀናሁ። ቅናት ግን ሰው አይገድልም።»

«ይገድላል» አለ ቡንሎም፤ ከራሱ ያውቀዋል። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ታች ቢሮዬ። ብቻዬን።»

የቡንሎም ልብ ቅቤ ጠጣ። ክላይቭ ተበሳጭቶ ወደ መስኮቱ ሲሄድ መሬት የተጋደመውን ረጅም ከበሮ ተራመደው። ደጃፉ ላይ ተራዋን የምትጠብቀው ሱቲዳ ደረቷን ይዛ «እህ!» አለች።

ቀጥሎ ሶቲ ገባ። ከካረን ብሔረሰብ ነው፤ አንገቱ ላይ መስቀል አለው።

«ስታገኘው ነክተኸዋል?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! ከበሩ ሆኜ ጮህኩ እንጂ።»

«እነዚህ ጭንብሎች አያስፈሩህም?»

«ወረቀትና ቀለም ምን ያስፈራል ጌታዬ? ስወለውል የቆሻሻውን ባልዲ አጠገባቸው እሰቅላለሁ። እትዬ ሱቲዳ ናቸው ‹አንተ አረመኔ!› እያሉ የሚያባርሩኝ።»

በመጨረሻ ሱቲዳ ተቀመጠች።

«መምህርት፣ ጋሬት እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ጎበዝ። እኔ ሃያ ዓመት የለፋሁበትን የታይ ሙዚቃ በሁለት ዓመት ቀሰመው።»

«ማን አስተማረው?»

«እኔው ነኛ።»

«ዛሬ ልጆቹ ትልቁን አበባ ለማን ሊሰጡ ነበር?»

ጉልበቷን አሻሸች። «ለእሱ» አለች።

ቡንሎም ብቻውን ቀረ። አለቃው አንድ ስም ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ትምህርት ቤቱም ያንኑ ስም ያወራል። ያ ግማሽ ክብ ባይኖር ክላይቭ አለቀለት። ቡንሎም ጫማውን በር ላይ አውልቋል፤ በካልሲው አንዴ ቢወለውለው ይጠፋል። እግሩን ምልክቱ ላይ አሳረፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን ሲመኝ ኖሯል። ላቡ ጆሮ ግንዱ ላይ ወረደ። ከዚያ እግሩን አነሳና ሁሉንም አስጠራቸው።

ርእሰ መምህሩ «ክላይቭን ውሰዱትና እንገላገል» አሉ።

«ትንሽ ይታገሡኝ ጌታዬ። ጋሬት የወደቀው እዚህ በሩ ጋ ነው፤ ደሙ ይመሰክራል። ጭንቅላቱ እዚህ ካረፈ እግሮቹ ወዴት ነበሩ?»

«ወደ መደርደሪያው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ወደ ሙዚቃ አባቶች! ውስጥ እግሩን! በእኛ በታዮች ዘንድ ለተቀደሰ ነገር ውስጥ እግር ማሳየት ከስድብ ይብሳል። ገዳዩ አላስቻለውም፤ መሸሽ ሲገባው ሬሳውን ጎትቶ አዞረው። ምልክቱ ይኸው። ማን ነው እንዲህ የሚጨነቅ? ክላይቭ? ከበሮ እንደ ጉቶ ይራመዳል፤ ነውር መሆኑንም አያውቅም።»

ክላይቭ ከበሮውን አየው፤ ጆሮው ቀላ።

«ሶቲስ? ባልዲውን ከአባቶች ጎን ይሰቅላል። እና ማን ቀረ?»

ሁሉም ወደ ሱቲዳ ዞሩ። እሷ ጭንብሎቹን እያየች ነበር።

«‹ከመጪው ተርም የታይ ሙዚቃውን እኔ አስተምራለሁ፤ አንቺ ታግዢኛለሽ› አለኝ» አለች። «እየሳቀ! ደስ የሚለኝ መስሎት። ልጆቼን ወሰደ፣ አበባዬን ወሰደ፣ እሺ አልኩ። አባቶቼን ሲጨምር ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም። ሞቶ ሳየው ግን እግሩ ወደ እነሱ ነው... ትቼው ልሄድ ነበር፣ ከደጃፍ ተመለስኩ።»

ርእሰ መምህሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። አንዲት ሴት ፖሊስ ክንዷን ስትይዛት፣ ሱቲዳ ወደ ቡንሎም ዞረች።

«ሳጅን፣ በእርስዎ ቢደርስስ? አንድ የምኮራበት ነገር አለኝ የሚሉትን እየሳቀ ቢወስድብዎት፣ እጅዎ አርፎ ይቀመጥ ነበር?»

ቡንሎም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። ምልክቱን ሊያጠፋበት በነበረው እግሩ ላይ ክሩን ሁለቴ አሰረው። ከዚያ ቀና አለና፣ አበባ ይዘው በተሰለፉት ልጆች መሐል አልፎ ሄደ።