የእሷ ያልሆነው ናሙና

«ያዢ፣ ቶሎ በይ!» አለች ጓደኛዋ፣ ትንሿን የሽንት ናሙና ዕቃ በጤና ጣቢያው መጸዳጃ ቤት በር ሥር እያሾለከች።

ጢያራ ተቀበለቻት። ዕቃዋ ለብ ትላለች። በአውሮፕላን ስም ጢያራ የሚሏት በሩጫ የሚቀድማት ስለሌለ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤቶች ውድድር የተመረጡት ሁሉ ሲመረመሩ፣ የላብራቶሪው ባለሙያ ውጤቷን አይቶ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ሽንትሽ ውስጥ ደም አለ። የወር አበባሽ ላይ ነሽ?» አላት። አልነበረችም። «አዎ» አለች። እሱም ሳይጠራጠር «በይ ከሳምንት በኋላ ተመለሺ» አላት።

ይኸው ሳምንቱ ሞላ። የራሷን ብትሰጥ ያው ደም ሊገኝ፣ እሷም ከቡድኑ ልትወጣ ነው።

«ምን ያስጨንቅሻል? የኔ እንደሆነ የምንጭ ውሃ ነው» ብላ ጓደኛዋ ሳቀች። ጢያራ አልሳቀችም። ዕቃዋን በላብራቶሪው መስኮት አቀበለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት ተፈርሞ ተሰጣት።

ቤት ስትደርስ የዩኒፎርም ሰፊዋ እናቷ አንድ እግሯን ሳጥን ላይ ሰቅላ ትሰፋለች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል። ጢያራ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ስርጉዱ እንዳለ ቀረ።

«መቀመጥ ነው ያሳበጠኝ» አለች እናቷ። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ሲያብጥ ደግሞ ጥፋቱ የእንቅልፍ ነበር።

የእናቷ ወንድም የሞተው በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጆሮው ደከመ፤ ቀጥሎ ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ፤ ሁለት ዓመት በእጥበት ከርሞ አረፈ። በዘር የሚመጣ ነው ተብሏል። ቤተሰቡ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይዟል፤ በሽታው የወንዶቹ ነው፣ ሴቶቹ ያስተላልፉታል እንጂ አይታመሙም።

«እማዬ፣ ሽንትሽ ደም ቀላቅሎ ያውቃል?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«መልሺልኛ።»

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «በአንቺ ዕድሜ ሆኜ ሻይ ይመስል ነበር። ሐኪሙ የወር አበባ ነው አለኝ። አንቺን ሳረግዝ የደም ግፊቴ ሲጨምርም እርግዝናው ነው አሉኝ።»

«ለሌላ ሰው አልነገርሽም?»

«ለማን ልንገር? ቤቱ ሁሉ ለወንድሜ ይሯሯጣል። እሱ እየሞተ እኔ ሽንቴ ቀላ ልበል?»

«እኔም አለብኝ» አለች ጢያራ። ስለ ጓደኛዋ ናሙናም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ጢያራ እውነቱን ልትናገር መሆኗን ስትነግራት ጓደኛዋ ጮኸችባት። «አብደሻል እንዴ? ውድድሩ እኮ ቅዳሜ ነው! ሰኞ ብትነግሪያቸው ምን ይሆናል?»

«ያንቺን ስም አላነሳም።»

«ሌላ ማን አለሽና! እንደሚያውቁ ጠፍቶሽ ነው?» ጓደኛዋ ፊቷን አዞረችና ወደ ክፍል ገባች። ዞር ብላም አላየቻት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ እናቷ ትጠብቃት ነበር። አብረው ገቡ።

«የትናንቱ ሽንት የኔ አይደለም» አለች ጢያራ በላብራቶሪው መስኮት። «ያን ጊዜም የወር አበባዬ አልነበረም። አጎቴ በኩላሊት ነው የሞተው። እናቴም እግሯ ያብጣል።»

ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን እስከ ዛሬ አልተመረመራችሁም?»

«ሴቶቹን አይዝም ብለውን ነው» አለች እናቷ።

«ማን ነው ያላችሁ? ሴትም ትታመማለች እኮ። አንዳንዷን ቀስ እያለ ነው የሚጎዳት፤ እሱ ነው የሚያዘናጋው።» አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን የእናቷን እግር ረጅም ጊዜ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬውኑ ሽንታችሁም ደማችሁም፣ ግፊታችሁም ይታያል። ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንጽፍላችኋለን። የትናንቱን ወረቀት መልሺልኝ።»

ጢያራ ከደብተሯ አውጥታ ሰጠችው። እሱም ለሁለት ቀደደው።

«ማንኛችሁ ትቅደም?»

«እሷን እይልኝ፣ እኔ እደርስ...» ብላ እናቷ ጀመረች።

ጢያራ ክንዷን ይዛ ከአግዳሚው አስነሳቻት።

«እሷ ትቅደም» አለች።