በእናቷ መደብ ላይ የበቀለው ቲማቲም

እናቷ አፈር ከሆነች ወዲህ ሙላቷ ማለዳ ማለዳ እየሄደች ታጠጣታለች። በሚኖሩባት የጠፈር መርከብ ላይ የሞተ ሰው ወደ መመለሻ ይገባል፤ መመለሻ ሬሳን ቀስ አድርጎ ወደ አፈር የሚለውጥ ሣጥን ነው። አፈሩ ለቤተሰቡ መደብ ይሆንና ማሽን ያባዛው ችግኝ ይተከልበታል። ሙላቷ የተከለችው ሰላጣ ነበር። በመሀሉ ግን ያልተከለችው ነገር በቀለ።

መለያውን፣ ያን ተክል አሽትቶ ስሙን የሚናገረውን መሣሪያ፣ ቅጠሉ ላይ ደገነችው።

«ቲማቲም» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ዓይነቱን አላውቀውም» አለ።

ያልታወቀ ተክል ይቃጠላል። የተክል በሽታ አንድ ጊዜ ገብቶ የመርከቧን ሰው በረሃብ ፈጅቷልና ሕጉን የሚደፍር የለም። ሙላቷ ግን ከእናቷ የወጣውን ማቃጠል አልሆነላትም። ሲያፈራ ፈቃድ አገኝለታለሁ ብላ፣ አልጋ ላይ ለዋለው አባቷ ለደግአረገ እንኳ ሳትነግር በሰላጣው ሸፍና አሳደገችው።

አንዲት ፍሬ ቀላች፤ ጎርበጥባጣ፣ ትከሻዋ አረንጓዴ። ይዛት ወደ ተክል ሐኪሙ ወደ ኢዮስያስ ሄደች።

ኢዮስያስ ክፉ ሰው አይደለም። በቢላ ሲከፍላት ሁለቱም ደነገጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆረጡት ቲማቲም ውስጡ ሥጋ ብቻ ነበር። በዚህች ሆድ ግን ጠፍጣፋ ጥቃቅን ነገሮች በልጋግ ተጠቅልለው ታጭቀዋል።

«የትል እንቁላል ነው» አለ ኢዮስያስ። «አዝናለሁ ሙላትዬ፤ ዛሬውኑ መቃጠል አለበት።»

«ከእናቴ ነው እኮ የበቀለው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንቺው አቃጥዪው የምልሽ።»

እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል አንዷን ቁራጭ አፏ ውስጥ ጨምራ ሳታኝክ ዋጠቻት። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ እናቷን መሰናበቷ ይሆናል። ከዚያ ሄዳ ተክሉን ከነሥሩ ነቅላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

አባቷ ነገሩን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እንቁላል አይደለም ልጄ፣ ዘር ነው። ተክል ያለ ማሽን የሚወለደው በሱ ነው። እናትሽ ከእናቷ ወርሳ ከቧንቧው ጀርባ ደብቃ ታሳድገው ነበር። ልትሞት ስትል የመጨረሻዋን ፍሬ እኔ ነኝ ያጎረስኳት። ለዘር እናስቀር ብላት፣ ‹ከኔ ጋር ይሂድ፤ እዚያ ማንም አይፈትሽም› አለችኝ። የምትቃዥ መስሎኝ ነበር።»

ሙላቷ እያለቀሰች ስለዋጠችው ቁራጭ ነገረችው። አባቷ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እንግዲያው ባልዲ አዘጋጂ» አለ። የመርከቧ መጸዳጃ የገባበትን ሁሉ ያቃጥላል።

ጥቂት ዘር ተገኘ። ታጥቦ ደረቀና በእናቷ መደብ ላይ ተተከለ። ኢዮስያስ አንድ ቀን ቅጠሉን አይቶ ብዙ ቆመ፤ መለያውን ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ።

የመጀመሪያዋ ፍሬ ስትቀላ ለአባቷ ወሰደችለት። አልበላም።

«አስቀምጪልኝ» አላት። «ቀኔ ሲደርስ ታጎርሺኛለሽ። ዘር አንድ ቦታ ብቻ አይታመንም፤ በኔም ላይ ይብቀል።»

ሙላቷ ልትቆጣው ፈልጋ አልቻለችም።

«እሺ አባባ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያማረችውን ፍሬ እየመረጠች ራስጌው ታኖራለች። ፍሬዋ ሳትጎረስ ስትበሰብስ ሙላቷ እግዜርን አመስግና ትጥላትና ሌላ ትመርጣለች። ብዙ ፍሬ እንዲህ ጣለች።

የትናንትናዋ ግን አልበሰበሰችም፤ ሙላቷ አባቷን አጎረሰችው።