ሚካጃ የሰጠው ድምፅ

ሚካጃ ዶብስ ወደ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ጫካ የመጣ ዕለት፣ ወንዝ ሲሻገር ፈረሱ ጣለውና የሕግ መጻሕፍቱ በሰበሱ። የባለ ወፍጮው ልጅ ታቢታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ገጽ በገጽ አደረቀችለት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

ሁለት ዓመት ተዋደዱ። አባቷ ኦባድያ ግን አሻፈረኝ አለ።

«ኮርቻ ላይ ለሚያድር ጠበቃ ልጄን አልድርም። ለምክር ቤት ተመርጠህ ና፤ ያኔ ትወስዳታለህ።»

ሚካጃ ተወዳደረ። ተፎካካሪው ሽማግሌው ዳኛ ፔይተን ስሎን ነበሩ።

በዚያ ዘመን መራጩ በሕዝብ ፊት ቆሞ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። በምርጫው ሦስተኛና የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፅ መዝጋቢው ጸሐፊ «እኩል ለእኩል!» ሲል፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከአባቷ ጋር ጋሪ ላይ የተቀመጠችው ታቢታ ብድግ አለች። ድምፅ ያልሰጠው ሚካጃ ብቻ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ? የራስህ ስም ጠፋህ እንዴ?» አለ አንዱ እየሳቀ።

ሚካጃ ታቢታን አያት። ረጅም ጊዜ አያት።

«ፔይተን ስሎን» አለ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ታቢታ ጆሮዋን አላመነችም። ከጋሪው እንዴት እንደወረደች አታውቅም፤ ብቻ ፊቱ ቆማለች።

«አብደሃል?»

«የምርጫው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ከዳኛው ጋር ተጨባብጠን፣ ድምፃችንን አንዳችን ለአንዳችን ልንሰጥ ቃል ተገባባን። እሳቸው ወዲያው ሰጡኝ።»

«ለእኔ የገባኸውስ?»

በችሎት ተረትቶ የማያውቀው ጠበቃ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«በል እንግዲህ!» አለ ኦባድያ እየተፍለቀለቀ። «አልተመረጥክም። ታቢታ፣ ወደ ጋሪው!»

አልተንቀሳቀሰችም። ሚካጃን ልትመታው ፈልጋ ነበር፤ የተናገረችው ግን ራሷን አስደነገጣት።

«ሚካጃ፣ ምን ብለህ ነበር ቃል የገባህልኝ?»

«እንደማገባሽ።»

«ለዳኛው የገባኸውን ፈጸምክ፤ ታዲያ የእኔን መቼ ነው የምትፈጽመው?»

ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ዳኛ ስሎን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሕዝቡ መሀል ተራመዱ።

«ልጆቼ፣ ዳኛ የምትፈልጉ ከሆነ አለሁ» አሉ።

እዚያው ደረጃው ላይ አጋቧቸው። ኦባድያ ጋሪውን ነዳ፤ ዞሮም አላያት። ታቢታ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

«ተጸጸትሽ?» አላት ሚካጃ በሹክሹክታ።

«እንጃ፤ ገና ድንጋጤው አልለቀቀኝም» አለችው። «አንተ ብቻ እጄን እንዳትለቀው።»