ኮርኒስ ውስጥ ያለው ኬብል

የማያምን ይለፈው። እኔም በገዛ እጄ ባልነካው ኖሮ አላምንም ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔና የእህቴ ባል ሶላር ገጣሚዎች ነን። የዚያን ቀን የጠራችን አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች።

እናቷ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። የሶላሩ ባትሪ አልሞላ እያለ ማሽኑ በየመሃሉ ይቆማል...

ጣሪያው ላይ አራት ፓነሎች በአንድ መስመር፣ ሦስት ደግሞ በሌላ መስመር ተቀጥለዋል። ሁለቱም የሚገቡት ባትሪውን በሚሞላው አንድ ቻርጅ ኮንትሮለር ውስጥ ነው። መስመሮቹ እኩል ካልሆኑ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። ችግሩን አገኘነው ብለን ደስ አለን።

ሁለቱን መስመሮች ነቅዬ ለየብቻ ለካሁ።

አራቱ ሰማንያ ቮልት።

ሦስቱ... ሰማንያ።

ስልሳ መሆን ነበረበት።

የእህቴ ባል ትርፍ ሰዓት እየሠሩ ነው ብሎ ቀለደ። ሳቅን።

ሦስቱን ፀሐይ እንዳያገኛቸው በሸራ ሸፍኜ እንደገና ለካሁ።

ሰማንያ።

ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

የሦስቱን ኬብል ተከትዬ ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ። ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው... ሳይታጠብ የከረመ ቁስል ዓይነት። አፍንጫዬን በክንዴ ሸፈንኩ።

ኬብሉ ይሞቃል። የቆርቆሮ ሙቀት አይደለም። የብብት ሙቀት ነው። አልቦታል።

ስጫነው ሰረጎደ። ጣቴን ሳነሳ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ስስ ፀጉርም ነበረው።



በደረቴ እየተሳብኩ ተከተልኩት። የሚወርደው በእናትየዋ ራስጌ ባለው ግድግዳ ውስጥ ነው። እዚያ ጋ ኮርኒሱ ተቀዷል። ቁልቁል ሳይ፣ ሽቅብ እያዩኝ ነበር።

የአፋቸውን ጭምብል ገለል አደረጉ።

«ቀስ በል ልጄ...» አሉኝ በሹክሹክታ። «ያመዋል።»

«ማንን፣ እማማ?»

ጭምብሉን መለሱት።

በዚህ መሃል ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ባትሪው እያለቀ ነው። የእህቴ ባል ከታች ሆኖ ቁረጠው አለኝ፤ እዚያው ከተውነው ነገ ሌላ ሰው መልሶ ይቀጥለዋል ብሎ።

በፒንሳ ቆረጥኩት።

እንደ ሽቦ ቀጭ አላለም። እንደ ጅማት ታገለኝ። ከተቆረጠው ላይ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ለብ ያለ ነገር በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። እዚያው አስመለሰኝ።

አራቱን ፓነሎች ብቻ ቀጠልን። ባትሪው መሙላት ጀመረ። ማሽኑ ጩኸቱን አቆመ፣ እናትየዋም ተነፈሱ። ልብስ ሰፊዋ እጃችንን ይዛ አለቀሰች። እኔ ግን እጄን እንድትነካብኝ አልፈለግኩም። በሳሙና ፈትጌዋለሁ፣ በናፍጣ ፈትጌዋለሁ። ሽታው አልለቀቀም።

የተቆረጠውን ጎትቼ ላወጣ ተመልሼ ወደ ኮርኒሱ ወጣሁ።

ጫፉ ቅርፊት ይዞ ነበር።

ከቅርፊቱ ሥር ሮዝ፣ እርጥብ፣ ለጋ ቆዳ ወጥቶ አቧራው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተስቧል።

ሌላኛው ጫፍም ሊገናኘው ከወዲያ እየመጣ ነበር...